የሳምፕል ፒያኖ ብቻውን ሲቀር ለምን ፕላስቲክ ይሆናል?

ባለ61ቁልፍ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቤት ውስጥ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ የመዝሙር ቅንብር እሠራለሁ። አሁን የያዝኩት ሥራ በፒያኖ ብቻ የሚታጀብ ነው፤ ድራም የለ፣ ቤዝ የለ፣ ስትሪንግ የለ። ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር፣ አካሄዱ ቀርፋፋ። ኮንታክት (ሳምፕል ማጫወቻ ሶፍትዌር) ላይ ግራንደርና ኖዋር የተባሉ የፒያኖ ላይብረሪዎች (ከእውነተኛ ፒያኖ የተቀረፁ የድምፅ ስብስቦች) አሉኝ፤ ሙሉ ባንድ ውስጥ ሲገቡ እንከን አይወጣላቸውም። ከዘማሪቷ ጋር ብቻቸውን ሲቀሩ ግን ጉዳቸው ይወጣል።

የሚሰማኝን ልዘርዝር። ቀስ አድርጌ ስመታ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይለሰልስም። ፔዳል ስረግጥ ይጨማለቃል፣ ስለቅ ይደርቃል። አንዱን ኖታ ስደጋግም ደግሞ የጽሕፈት መኪና ይመስላል። ኪቦርዴ ባለ 61 ነው፣ ቁልፎቹ ቀላል ናቸው፣ ፔዳሉም ተራው ነው። የተጫወትኩትን ኳንታይዝ አድርጌ (ኖታዎቹን በምቱ ልክ አሰልፌ)፣ እንዳይደርቅ ብዬ ሂዩማናይዝ የሚለውንም ጨምሬበታለሁ። ሪቨርብ ባበዛም ባሳንስም ያው ነው።

ሌላ ላይብረሪ ልግዛ ወይስ የምታውቁት መላ አለ?

ጥቁርነጭ፦
ላይብረሪው ነው። የጋሪታንን ሲኤፍኤክስ ያዝ፤ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረፀ የያማሃ ኮንሰርት ግራንድ ነው። ለብቻው ቁጭ ብሎ የሚሰማ ፒያኖ እሱ ነው። ዲስክህ ላይ ሰፊ ቦታ አዘጋጅ።

ማፈኛ፦
ጋሪታን ግሩም መሆኑ አያከራክርም። ግን ባለ61ቁልፍ የዘረዘራቸው ችግሮች እዚያም ተከትለውት ይሄዳሉ ባይ ነኝ። ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት ይህን አድርግ፦

ዳውህ (መቅረጫ ፕሮግራምህ) ላይ አዲስ የሚዲ ትራክ (ድምፁን ሳይሆን የምትመታቸውን ኖታዎች የሚመዘግብ) ክፈት። መካከለኛውን ሶል ምረጥና በጣም ቀስ ብለህ፣ ጣትህን እንዳሳረፍክ ያህል፣ ደጋግመህ ምታ። ከዚያ መዝሙሩን በምትጫወትበት ጉልበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ባለህ ኃይል ምታው። አሁን የኖታዎቹን ቬሎሲቲ (የምቱን ጉልበት) ቁጥር ተመልከት። ሚዲ ከ1 እስከ 127 ይሰጥሃል። ያንተ ስንት ላይ እንዳረፈ እዚህ ጻፍልን።

ባለ61ቁልፍ፦
አየሁት። ቀስ ብዬ የመታሁት 70 አካባቢ ነው። በመዝሙሩ ጉልበት የተጫወትኩት ከ88 እስከ 112 ይዋዥቃል። ኃይለኛው ሁሉም 127 ነው። ከ50 በታች አንድም የለም።

ማፈኛ፦
በቃ፣ ዋናው ነገር እጃችን ገባ።

ጥሩ የፒያኖ ላይብረሪ አንዱን ቁልፍ ብዙ ጊዜ ነው የሚቀርፀው፤ በስሱ፣ በመካከለኛ፣ በኃይል፣ ደረጃ በደረጃ። ለምሳሌ በነፃ የሚገኘው ሳላማንደር ግራንድ (ያማሃ ሲ5 ነው) 16 የቬሎሲቲ ንብርብር አለው። ይህ የሚደረገው የፒያኖ መዶሻ ክሩን ቀስ ብሎ ሲነካና በኃይል ሲመታ የሚለያየው የድምፁ መጠን ብቻ ስላልሆነ ነው። በስሱ ሲመታ የመዶሻው ለምድ (የሚሸፍነው ሱፍ) ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ላይኛዎቹ ሃርሞኒኮች ብዙም አይነሱም፣ ድምፁ ክብ ይሆናል። በኃይል ሲመታ ለምዱ ይጨመቅና ይጠነክራል፣ ድምፁ ያበራል፣ ብረት ብረት ይላል። ያንተ ኪቦርድ ግን ከ70 በታች ስለማይልክ ላይብረሪው ውስጥ ያሉት ለስላሳ ቅጂዎች ቀናቸውን ሙሉ ተኝተው ነው የሚውሉት። የምትሰማው የኃይለኛውን ምት ቅጂ ነው። ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማስተካከያውን) ስታወርደው ይቀንሳል፣ አይለሰልስም። አንተው ከላይ የጻፍከው ቃል በቃል ይኸው ነው።

መፍትሔው የቬሎሲቲ ከርቭ ነው፤ የምትህን ጉልበት ወደ ቬሎሲቲ ቁጥር የሚቀይረው መስመር ማለት ነው። መጀመሪያ ኪቦርድህ ላይ ተች የሚለውን ሜኑ ፈልግና ሄቪ ወይም ሃርድ አድርገው። ካልበቃ ፕለጊኑ ውስጥ ያለውን ከርቭ ወደ ታች አጉብጠው፤ 70 ሲገባ 30 ሆኖ፣ 100 ሲገባ 65 ሆኖ እንዲወጣ። የመዝሙሩ አብዛኛው ክፍል ከ35 እስከ 75 መሀል ቢውል ደስ ይለኛል፤ 90ን የምትነካው አዝማቹ ከፍ ሲል ብቻ ይሁን። ድምፁ አነሰ ብለህ ከርቩን አትመልሰው፣ ፌደሩን ከፍ አድርግ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ከርቩን ካስተካከልክ በኋላ የድሮውን ቅጂ አታስተካክል፣ እንደገና ተጫወት። ጣት ለሚሰማው ድምፅ መልስ ይሰጣል። ለስላሳው ቃና ሲመጣልህ አመታትህ ራሱ ይለወጣል።

ሦስተኛውፔዳል፦
ፒያኖ አስተምራለሁ፣ ከማፈኛ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ ስለ ኳንታይዙና ስለ ሂዩማናይዙ ልጨምር፤ ይሄ ነገር በእውነት ያንገበግበኛል።

ሂዩማናይዝ ኖታዎችን በዘፈቀደ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። ሰው ግን በዘፈቀደ አይጫወትም። በአንድ ኮርድ ውስጥ ዜማውን የያዘው ጣት ጠንከር ብሎ ይመታል፤ ጠንከር ያለው መዶሻ ደግሞ ፈጥኖ ክሩ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ጥሩ ፒያኒስቶች ዘንድ ዜማው ከአጃቢው ኖታ 20 እና 30 ሚሊሰከንድ ያህል ቀድሞ ይሰማል። ጆሯችን ዜማውን ለይቶ የሚያወጣው አንድም በዚህ ነው። ኳንታይዙ ይህን ቅድሚያ ሰርዞታል፣ ሂዩማናይዙ በምትኩ ትርጉም የሌለው መዋዠቅ አስገብቶበታል። ወንድሜ፣ ሁለቱንም አንሳቸው። በክሊክ (በሜትሮኖም) መጫወት ካስቸገረህ ክሊኩን አጥፋና ዘማሪቷ ስትዘምር አብረሃት ተጫወት፤ ፒያኖ ብቻ ከሆነ የምታስጠብቀው ድራመር የለም።

ቬሎሲቲውን በእጅህ የምታስተካክል ከሆነ አራት ጣት የያዘ ኮርድ ላይ አራቱንም 60 አታድርጋቸው። ላይኛው 68፣ ቤዙ 58፣ መሀሎቹ 45 እና 48 ይሁኑ። መሀሎቹን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል።

አሁን ወደ ፔዳሉ። «ስረግጥ ይጨማለቃል» ያልከው ከኳንታይዙ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ፒያኒስት ፔዳል የሚረግጠው ከኮርዱ ጋር እኩል አይደለም። አዲሱ ኮርድ ሲመታ እግሩ ይነሳል፣ የቀድሞው ድምፅ ይታፈናል፣ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ እግሩ ይወርዳል። ብዙ ዳው ላይ ኳንታይዝ ስታደርግ ኖታው ይንቀሳቀሳል፣ ሲሲ 64 (ፔዳሉ ማለት ነው) ግን ባለበት ይቀራል። ያኔ የድሮው ኮርድ ጭራ አዲሱ ውስጥ ይገባል። የሚዲ መስኮቱን ከፍተህ ሲሲ 64ን አውጣውና እያንዳንዱ ኮርድ ለውጥ ላይ ተመልከት፦ ወደ ዜሮ የሚወርደው ከኮርዱ ጋር፣ ወደ ላይ የሚወጣው ከኮርዱ በኋላ መሆን አለበት።

ጆሮህን ለማቅናት ደግሞ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ቅጂዎች ቁጭ ብለህ ስማ። ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀረፁትም አለ፤ የካሴቱ ሹክሹክታ ሳይቀር ይሰማል፣ ግን ፒያኖው ፒያኖ ስለመሆኑ ለአፍታም አትጠራጠርም። ጊዜውን እንዴት እንደሚያስረዝሙና እንደሚሰበስቡት፣ ጌጧን ኖታ ከዋናው ፊት ምን ያህል በስሱ እንደሚያስቀምጧት ልብ በል። ትዝታ በፒያኖ ስትጫወት ከእሳቸው የተሻለ መምህር አላውቅም። የግርማ ይፍራሸዋ አጨዋወት ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፤ የኮንሰርት አዳራሽ ድምፅ፣ ሰፊ፣ የተስተካከለ። ሁለቱን አነጻጽርና መዝሙሩ የትኛውን እንደሚፈልግ ወስን።

የሐዋሳልጅ፦
ይቅርታ መሀል ገባሁ። የኔ ፔዳል ስረግጠው ድምፁ ይቆረጣል፣ ስለቀው ይቀጥላል። ተበላሽቶ ነው?

ማፈኛ፦
አልተበላሸም፣ ተገልብጦ ነው። ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን አቅጣጫ የሚለዩት ሲበሩ ነው። ኪቦርዱን አጥፋ፣ ፔዳሉን ሰካ፣ እግርህን አንሳና አብራው።

ለባለ61ቁልፍም ስለ ፔዳል አንድ ቃል፦ ተራው ፔዳል የሚልከው 0 ወይም 127 ብቻ ነው። እንደ ያማሃ ኤፍሲ3 ያለው ተከታታይ ፔዳል መሀል ያሉትንም ስለሚልክ፣ ኪቦርድህም ላይብረሪውም የሚቀበሉት ከሆነ ግማሽ ፔዳል መጫወት ትችላለህ። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ ከአዲስ ላይብረሪ በፊት እሱን አስብ።

መቃኛ፦
ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ የምቃኘውና የምጠግነው እውነተኛውን ፒያኖ ነው፤ ስለ ኮምፒውተሩ እናንተ ታውቃላችሁ። ሆኖም ልጃችን «ኖታ ስደጋግም» ያለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፔዳል ተረግጦ አንዱ ኖታ ሲደጋገም መዶሻው የሚመታው እየተርገበገበ ያለውን ያንኑ ክር ነው። አዲሱ ምት ከነበረው ንዝረት ጋር ይገናኛል፤ አንዳንዴ ያጎላዋል፣ አንዳንዴ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሁለት ምት አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። ፔዳል ባይረገጥም ግራንድ ፒያኖ ላይ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ መድገም ይቻላል፤ ኤራር የተባለው ፈረንሳዊ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1821 ያስመዘገበው ስልት ነው ይህን ያመጣው። ያኔ ማፈኛው (የክሩን ድምፅ የሚያቆመው ክፍል) ክሩን ሳይነካ ነው ኖታው የሚደገመው፣ በመሀል ጸጥታ የለም። ልጃችን ቁልፉን እስከ ላይ እየለቀቀ የሚደግም ከሆነ በየመሀሉ ቁርጥ ቁርጥ ማለቱ አይቀርም።

ሌላው፣ ፔዳል ሲረገጥ ማፈኛዎቹ በሙሉ ይነሳሉ። ፒያኖ ወደ 230 የሚጠጋ ክር አለው። አንዱን ስትመታ ዘመዶቹ፣ ማለትም ኦክታቩና አምስተኛው፣ ሳይመቱ አብረው ያዜማሉ። ፔዳል የረገጠ ፒያኖ ድምፁ የሚሰፋው በዚህ ነው። የላይኛዎቹ ወደ 20 የሚጠጉ ቁልፎች ደግሞ ከነጭራሹ ማፈኛ የላቸውም፣ ሁልጊዜ ክፍት ናቸው። ይህ በኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ወይ?

ማፈኛ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አዎ አለ፣ ግን እንደየላይብረሪው ነው። አንዳንዱ ፔዳል ተረግጦ የተቀረፀ ለብቻው አለው፣ አንዳንዱ ሬዞናንስ የሚል ቁልፍ አለው። ባለ61ቁልፍ፣ ላይብረሪህ ውስጥ ሬዞናንስ (ጋሼ ያሉት አብሮ ማዜም)፣ ሪሊስ (ቁልፉ ሲለቀቅ የሚሰማው)፣ ፔዳል ኖይዝ (የፔዳሉ ኳኳታ) የሚሉትን ፈልጋቸው። ለብቻ ፒያኖ ሬዞናንሱን ከፍ፣ ሪሊሱን መካከለኛ፣ የፔዳሉን ድምፅ በጣም ትንሽ። የመዶሻና የፔዳል ኳኳታ ሲበዛ ሰሚው ዜማውን ትቶ እሱን መስማት ይጀምራል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበዛል።

የመደጋገሙ ነገር ጋሼ እንዳሉት ነው። ሳምፕል ላይ ሁለተኛው ምት የመጀመሪያውን ክር አይነካም፤ ሌላ ቅጂ ላዩ ላይ ይደረባል። ቬሎሲቲው ተመሳሳይ ከሆነ ያው ቅጂ ነው የሚደገመው። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም የተደራረቡት ጭራዎች ኖታውን ያሳብጡታል። ስለዚህ የሚደጋገሙትን ኖታዎች ቬሎሲቲያቸውን አራርቃቸው፣ 52፣ 44፣ 49፣ 58 እያልክ፣ የተለያየ ንብርብር እንዲነካ። መሀላቸው ላይ ፔዳሉን ቶሎ ቀይረው። ኖታዎቹን ደግሞ በሚዲው መስኮት ጫፍ ለጫፍ እንዲነካኩ አስረዝማቸው።

ማሲንቆ፦
መቃኛ ጋሼን ልጠይቅዎ። ትዝታ ሜጀር ላይ ሦስተኛዋ ድምፅ ፒያኖ ላይ ከፍ ትልብኛለች። ማሲንቆ ተጫዋቹ የሚያወጣት ዝቅ ያለች ናት። ፕለጊኑ ላይ ሦስተኛዋን፣ «ሚ»ን፣ ዝቅ ባደርጋት ይበልጥ ተፈጥሯዊ አይሆንም?

መቃኛ፦
ጆሮህ ልክ ነው። በእኩል የተከፋፈለው ቅኝት ሜጀር ሦስተኛ 400 ሴንት ነው (አንድ ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው)፣ ንጹሑ 386 ነው፤ 14 ሴንት ከፍ ይላል። ግን እኔ አልነካውም ነበር። ፒያኖ ሲቃኝ ላይኛዎቹ ኦክታቮች ከሂሳቡ ትንሽ ከፍ፣ ታችኞቹ ትንሽ ዝቅ ተደርገው ይለጠጣሉ፤ የብረቱ ክር ድርቀት ስላለው ሃርሞኒኮቹ ከሂሳቡ ከፍ ብለው ነው የሚወጡት። ላይብረሪው ውስጥ ያለው ያ ቃኚ በጆሮው ያስተካከለው ነው። አንዷን ነጥለህ ስትጥላት ከኦክታቮቿና ከዘመዶቿ ጋር ያላት ስምምነት ይፈርሳል። ማሲንቆ አብሮ ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ፒያኖው ሦስተኛዋን ለማሲንቆው ይተውለት፣ እሱ አንደኛውንና አምስተኛውን ይያዝ።

ማሲንቆ፦
ይሄማ ለቅንብርም ይጠቅማል። አመሰግናለሁ ጋሼ።

ሲልቨርስፕሪንግሚክስ፦
ስለ ሚክሱ ማንም ስላላነሳ እኔ ልግባበት።

ብዙ ላይብረሪ ሲከፈት የሚመጣው ማይኩ ክሩ ላይ ተጠግቶ የተቀረፀው ነው፣ ቤዙ ጥግ ግራ፣ ቀጭኑ ጥግ ቀኝ። ይህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ድምፅ ነው። ዘማሪቷ መሀል ላይ ቆማ ፒያኖው ከግራ ግድግዳ እስከ ቀኝ ግድግዳ ከተዘረጋ ጆሮ አያምነውም። ስቴሪዮውን ወደ 50 ወይም 60 ከመቶ ሰብስበው። ራቅ ያለ ማይክ ካለው እሱን ዋና አድርገህ ቅርቡን በጥቂቱ ቀላቅልበት። ከዚያ ሞኖ አድርገህ ስማ፤ ብዙ ሰው መዝሙሩን በስልክ ስፒከር ነው የሚሰማው። ሞኖ ላይ መሀሉ ባዶ ከሆነ ሁለቱ ማይኮች እየተጣሉ ነው፣ አንዱን ዝጋ።

ሪቨርብ፦ ፕለጊኑ ውስጥ ያለውን አጥፋ። አንድ የክፍል ሪቨርብ በሴንድ (በጋራ መላኪያ) ከፍተህ ፒያኖውንም ዘማሪቷንም ወደዚያው ላክ። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ የሚመስሉት ያኔ ነው። ኮምፕረሰር አታድርግበት፤ ከርቩ ላይ ለፍተህ ያመጣኸውን ስሱንና ኃይሉን መልሶ አንድ ያደርገዋል። ኢኪው (የቃና ማስተካከያው) ላይ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ መሀል ሁለት ዴሲቤል ያህል ብትቀንስ ከድምፅዋ ጋር አይጋፋም፣ ከዚያ በላይ አትንካው።

ኖዋር ካለህ ደግሞ ፌልት የሚለውን መልኩን ሞክረው። በመዶሻውና በክሩ መሀል ቀጭን ጨርቅ ገብቶ የተቀረፀ ነው፣ ለቀርፋፋ መዝሙር ያምራል። በኃይል የሚነሳ አዝማች ካለህ ግን ንጹሑ ይሻልሃል፤ ፌልቱ ከተወሰነ በላይ አያበራም።

ባለ61ቁልፍ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ከርቩን አስተካክዬ፣ ኳንታይዙን ትቼ እንደገና ተጫወትኩት። ለውጡን ዘማሪቷ ራሷ ሳልነግራት ነው የሰማችው። የፔዳሉም ጭራ ጠርቷል።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ራቅ ያለውን ማይክ ከከፈትኩ ወዲህ ፔዳል ረግጬ ስቆይ ድምፁ ይንጫጫል፣ አንዳንዴም ኖታ ይሰወራል። ሌላው፣ ዘማሪቷ ዝቅ ይበልልኝ ስላለች መዝሙሩን ሁለት ቶን አወረድኩት፤ አሁን ግራ እጄ ይደፈርሳል። ኢኪው ብቀንስም አልጠራም።

ጥቁርነጭ፦
የመጀመሪያው የኮምፒውተሩ አቅም ነው። እያንዳንዱ ማይክ ቦታ ለብቻው ድምፅ ስለሚያወጣ ሁለት ማይክ ስትከፍት የቮይሱ (በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ቅጂዎች) ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ ፔዳል ሲረገጥ ደግሞ የሚዘጋ ኖታ የለም። ማክስ ቮይስ የሚለውን ከፍ አድርገው፣ ኖታ መሰወሩ ይቆማል። ላይብረሪው ያለው በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ ውሰደው፤ ኮንታክት ሁሉንም ራም ላይ አይጭንም፣ የእያንዳንዱን ቅጂ መነሻ ብቻ ይዞ ቀሪውን ከዲስክ እያነበበ ነው የሚያጫውተው። ስትጫወት በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንድ ጊዜ የሚያዘጋጅበት ቁራጭ) 128 ይሁን፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሚክስ ስታደርግ 1024 አድርገው፣ ያኔ መዘግየቱ አያሳስብህም።

የሐዋሳልጅ፦
ኮምፒውተሩ ደካማ ለሆነብንስ? የኔ 8 ጊጋ ራም ነው።

ማፈኛ፦
ፒያኖቴክን ተመልከት። ሳምፕል የለውም፣ የክሩንና የመዶሻውን ባህርይ በሂሳብ እያሰላ ነው ድምፁን የሚያወጣው፤ መጠኑ በሜጋባይት የሚቆጠር ነው። መቃኛ ጋሼ የነገሩን የክር መደጋገምና ሬዞናንስ እዚያ ውስጥ ከመሠረቱ አለ፣ ግማሽ ፔዳልም ይቀበላል። የኪቦርድህን ቬሎሲቲ የሚለካልህ ማስተካከያም አለው። ቃናው ላይ ሰዎች ይከራከራሉ፤ እኔ ብቻውን ለቆመ ፒያኖ አሁንም ጥሩ ሳምፕል አስበልጣለሁ፣ ለመለማመድ ግን እሱን ነው የምከፍተው። በነፃ ከሆነ ሳላማንደር ይበቃሃል፤ ቅጂው በየሦስት ቁልፉ ስለሆነ ጎረቤት ኖታዎች ይመሳሰላሉ እንጂ ቃናው ጨዋ ነው።

ሦስተኛውፔዳል፦
የግራ እጅህ ነገር ከላይብረሪው አይደለም፣ እውነተኛ ስታይንዌይ ላይ ብትቀመጥም ይደፈርስብሃል። በፊት ከመካከለኛው ዶ በታች ሦስት ድምፅ አጥብቀህ ትይዝ ነበር መሰለኝ። ያው አያያዝ ሁለት ቶን ሲወርድ ዝቅተኛዎቹ ሦስተኛዎች ይጋጫሉ፤ የእያንዳንዱ ክር ሃርሞኒክ ብዙና የተጠጋጋ ስለሆነ ነው። ግራ እጅህን ክፈተው፦ ታች አንደኛውን ብቻ ያዝ፣ አምስተኛውን በላዩ፣ ሦስተኛውን ከአንድ ኦክታቭ በላይ አውጣና ለቀኝ እጅ አውራ ጣት ስጠው። ትዝታ ላይ አራተኛና ሰባተኛ ስለሌለ አንደኛና አምስተኛ ብቻ ይዘህ ረጅም መንገድ መሄድ ትችላለህ።

ፔዳሉንም ታች ላይ ቶሎ ቶሎ ቀይር፤ ወፍራሞቹ ክሮች ቶሎ አይታፈኑም። ያንን አድርገህ ካልጠራ ሚዲውን እዚህ ጫንልኝ፣ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ በኋላ ከፍቼ አየዋለሁ።

ባለ61ቁልፍ፦
ሦስተኛዋን ወደ ቀኝ አውራ ጣት አወጣኋት፣ ጠርቷል። ከሁለተኛው አዝማች በፊት ያለችው ሽግግር ብቻ ናት የቀረችኝ፤ ሚዲውን አሁን እጭነዋለሁ እህቴ።